አርቲስት ጀርባው

በየሰፈሩ አንድ ተዋናይ አይጠፋም። ታዋቂውን ማለቴ አይደለም፤ ታዋቂው ምን ቆርጦት ሰፈር ውስጥ ይገኛል። እኔ የምለው ያንን በየፊልሙ ያለውን፣ ግን ማንም «አይቼዋለሁ» ብሎ የማይምልበትን ነው። መንገድ ላይ ስታገኙት ፀጉሩን በእጁ ወደ ኋላ ይልና ሳትጠይቁት «ሰሞኑን ታዩኛላችሁ» ይላችኋል። ሰሞኑ ያልፋል፤ አታዩትም። ደግማችሁ ስታገኙት ቅር ሳይለው «ይኼኛው ግን ሌላ ነው» ይላል። ሰልፍ ላይ እንኳ ሲቆም ተራ እንደሚጠብቅ ሰው አይቆምም፤ ካሜራ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚቆመው።

የእማማ ዕጣ ሆነና ይህ ሰው አማቻቸው ሆኖ ቁጭ አለ።

እማማ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደ ሰፈሩ እንበላቸው። ከሴት ልጃቸውና ከባሏ ጋር አንድ ቤት ይኖራሉ። ከሳሎኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናቸውን ተክለው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ልጃቸው ፀጉር ቤት ትሠራለች። ክቡር አማቻቸው ደግሞ ተዋናይ ነው። እማማ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁት «የልጄ ባል ነው» ይላሉ፤ እንግዳው «ሥራውስ?» ብሎ ሲጠይቅ ውኃ ላምጣ ብለው ይነሣሉ።

ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ትዳሩ ገና አዲስ ሳለ «ዛሬ በቴሌቪዥን እታያለሁ» ብሎ ቤተሰቡን ሶፋው ላይ ደርድሮ አስቀመጠ። ፊልሙ ተጀመረ፣ ሄደ፣ ሄደ። «የቱ ጋ ነህ?» ሲሉት «ትንሽ ቆዩ» ይላል። ሊያልቅ ሲል አንድ ሀብታም ከመኪና ወረደና በር ላይ በቆመ ዘበኛ አጠገብ አለፈ። ካሜራው ከዘበኛው ኋላ ነበር። አማቻቸው ከሶፋው ዘሎ ተነሣና በጣቱ ስክሪኑን ነካ። እማማ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ጀርባው የእኛ ነው፤ ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለ ፊቱ ግን እንጃ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አርቲስት ጀርባው ሆኖ ቀረ።

ጀርባውስ ቢሆን ጀርባ ነው፤ አይካድም። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ሲፈልግ የተናደደ፣ ሲፈልግ ያዘነ የሚመስል ጀርባ ነው። አቅም ለሌለው ፊልም እንዲህ ያለ ጀርባ ሀብት ነው። ዋናው ተዋናይ ሁለት ቀን ተቀርጾ በሦስተኛው ስልኩን ሲዘጋ ዳይሬክተሩ ማንን ይጠራል? አርቲስት ጀርባውን ነዋ። እሱም የዋናውን ተዋናይ ጃኬት ይለብስና ጀርባውን ሰጥቶ ያለቅሳል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይምላል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይሳሳማል። በዚህኛው ሚስቱ ሳምንት አኩርፋለች። አንዴማ ሌባውም ፖሊሱም እሱ ነበር። ጠዋት በሌባው ሸሚዝ ሮጠ፣ ከሰዓት በፖሊሱ ሸሚዝ ሮጠ፤ ፊልሙ ሲቀነባበር ራሱን አሳዶ ራሱን ያዘ። እማማ ያንን አይተው «ምስኪን፣ ሮጦ ሮጦ ራሱ ላይ ደረሰ» አሉ።

ቤቱም ሥራ አልፈታም። ለቀረጻ ቤት መከራየት ያቃተው ፕሮዲዩሰር ሁሉ መጨረሻው የእማማ ሳሎን ነው። ሶፋቸው የሀብታም ሳሎን ሆኗል፣ የሆስፒታል መጠበቂያ ሆኗል፣ አንዴ ሰማያዊ ጨርቅ ተጥሎበት የአውሮፕላን ወንበር ሆኗል። ሶፋው እንደ አማቻቸው አይደለም፤ ሶፋው ከፊት ለፊት ነው የሚታየው። አንድ ቀን ልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ የመጣች እናት ሶፋውን ደጋግማ አየችና «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይኼን ሶፋ የት ነው የማውቀው?» አለች። አርቲስት ጀርባው አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው።

የእማማ መጋረጃ የንጉሥ ካባ ሆኖ ሄዶ ጫፉ ተቃጥሎ ተመልሷል። የቲማቲም ድልሁ ከማዕድ ቤት ይጠፋና ሸሚዝ ላይ ይገኛል። ቁርስ ላይ ደግሞ ክቡርነታቸው ሞት ይለማመዳሉ። ሻዩን ጨልጦ ደረቱን ይይዝና ከነወንበሩ ይወድቃል። እማማ ዳቧቸውን እያኘኩ «እዚያው እንዳለህ ማንኪያዬን ከሥር አንሣልኝ» ይሉታል። አንሥቶ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ሞቱን ካቆመበት ይቀጥላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ይኖር ነበር፤ ነገሩን ያከረረው የእማማ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድምየው ትልቅ መጋዘን አለው፤ ቁልፎቹን እንደ ሜዳልያ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ነው። ዕቃ የሚረከብና የሚያስረክብ ጠንካራ ሰው ይፈልጋል። አርቲስት ጀርባውን ከወደደው ቆይቷል፤ ትወናውን አይደለም፣ ትከሻውን ነው። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ነገሩን አነሣው።

«እትዬ፣ ይኼ ልጅ አርባ ሊሞላው ነው። እስከ መቼ ጀርባውን ለሰው እየሰጠ ይኖራል?»

ተዋናዩ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነው። አሁን በያዝነው ፊልም አባት ነኝ። ልጁ ክፍሏን ዘግታበት አልወጣም ያለችው አባት። በሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን አናግራታለሁ። ሌላ ሰው የለም፣ እኔ ብቻ!»

«በሩ ላይ ከቆምክማ ጀርባህ ነዋ የሚታየው» አሉ እማማ።

«ካሜራው ከበሩ በኩል ነው፣ እማማ። ፊት ለፊቴ ነው የሚቆመው።»

ይህን ሲል በመዳፉ ፊቱን ነካ። እማማ ሊያዝኑለት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ግን ዓይናቸው ልጃቸው እጅ ላይ አረፈ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስታጥብ የሚቆስል እጅ ነው። ጨከኑ።

«እንግዲያው እንዋዋል» አሉ። «በዚህ ፊልም ፊትህ ከታየ ሁለተኛ መጋዘን የሚልህ ሰው የለም። ካልታየ ግን ፊልሙ በተመረቀ ማግስት የወንድሜን ቁልፍ ትቀበላለህ፤ ትወና የሚባል ነገርም እዚህ ቤት አይነሣም። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ነው የሚባለው።»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለች ልጃቸው።

እሱ ግን ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «ተስማምቻለሁ። ጋሼም ምስክር ይሁኑ።» ወንድምየው ምስክር ሆነ፤ ደስ ብሎት ሁለተኛ ሳህን በላ።

የበሩ ትዕይንት የት የተቀረጸ ይመስላችኋል? እማማ ቤት ነዋ። የባልና ሚስቱን መኝታ ቤት በር ከነማጠፊያው ነቀሉና ካሜራውን ከውስጥ አስገቡ። አርቲስት ጀርባው የሌለ በር ፊት ቆሞ ይለማመዳል። እማማ በስፌት ክፍላቸው በማግስቱ የሚደርስ ዩኒፎርም ተከምሮባቸዋል። ዳይሬክተሩ አንገቱን አስገብቶ «እማማ፣ አደራዎን፣ ስንቀርጽ ዝምታ» አላቸው። እሺ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «ከት!» ተባለ። ደገሙት። እማማ ዝም አሉ። «ከት!» መብራት ወደቀ። ደገሙት። መኪና ጡሩምባ ነፋ። ደገሙት። እማማ ሰለቻቸው። «እነዚህ ይለማመዳሉ እንጂ አይቀርጹም» ብለው ራሳቸውን አሳመኑና እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳረፉ። አንዲት እጅጌ ብቻ አሉ። ከእጅጌዋ ቀጥሎ ኮሌታው መጣ። ኮሌታው ላይ እያሉ ከሳሎኑ ጭብጨባ ሰሙ፤ ዳይሬክተሩ «ይኼ ነው! በቃ፣ ይኼ ነው!» እያለ ይጮኻል። ድምፅ ቀራጩ ደግሞ ለሁሉም ምሳ ሊገዛ ወጥቶ መሣሪያውን ለብቻው ትቶት ነበር።

የምረቃው ቀን እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አርቲስት ጀርባው ከንጋት ጀምሮ ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ሲያወልቅ፣ ደግሞ ሲተኩስ ዋለ። ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል፤ ባለ ሱቁ ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። እማማ አዳራሹ በር ላይ ዳይሬክተሩን አገኙት። ወጣት ነው፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር አያወልቅም። የኮቱ ቁልፍ ተንጠልጥላ አይተው መርፌና ክር ከቦርሳቸው አወጡ።

«ቁም እስቲ። ለመሆኑ የእኛ ሰው የቱ ጋ ነው የሚመጣው? መነጽሬን እንዳዘጋጅ ነው።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት። የበሩን ትዕይንት አውጥተነዋል።»

«አውጥተነዋል ማለት?»

«ፊልሙ ላይ የለም። እሱ ግሩም ነበር፣ ድምፁ ነው የተበላሸው። ሰውዬው እያለቀሰ ይቅርታ ሲጠይቅ ከኋላ የሆነ ነገር ትርርር ይላል። መትረየስ ነው የሚመስለው። ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅነውም።»

እማማ ግን አወቁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መርፌዋ አውራ ጣታቸውን ወጋቻቸው።

«ልነግረው ሦስቴ ሞክሬያለሁ፤ ፊቱን ሳይ አቃተኝ» አለ ዳይሬክተሩ። «ሲያልቅ እርስዎ ቢነግሩልኝ።» እንግዳ ጠራውና ሄደ።

እማማ ገቡና ተቀመጡ። በግራቸው ወንድማቸው አለ፤ ከፊታቸው አማቻቸውና ልጃቸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዳራሹ በወፍራም መጋረጃ ጨልሟል። መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር። የፕሮጀክተሩና የድምፅ ማጉያው ገመድ መሬት ለመሬት መጥቶ እማማ ወንበር ሥር ያለ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል፤ የዲቫይደሩ ማጥፊያ ቀይ መብራት እግራቸው አጠገብ ይበራል።

ፊልሙ ተጀመረ። እማማ ፊልሙን አላዩም፤ ያዩት ከፊታቸው ያለውን ጀርባ ነው። ይህን ጀርባ ያውቁታል። ስንት ጊዜ ለክተውታል፣ ስንት ኮት አልብሰውታል። እንዲህ ሲሆን ግን አይተውት አያውቁም። እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ተማሪ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትከሻው ይርበተበታል። በየመሐሉ ዞር ብሎ «ገና ነው እማማ፣ ገና ነው» ይላቸዋል። አንጀታቸውን በላው። «አንዲት እጅጌ ብቻ ብዬ» አሉ በሆዳቸው፣ «ሰውዬውን ዕድሜ ልኩን መጋዘን ልከተው ነው።»

ስክሪኑ ላይ ልጅቱ እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ሮጠች። በሩ ድርግም አለ።

አማቻቸው ሙሉ ፊቱን አዞረ፤ ያበራል። «እማማ፣ አሁን! አሁን ነኝ!»

የእማማ እግር ዕድሜውን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የኖረ እግር ነው፤ ማንንም አላማከረም። ቀዩን ማጥፊያ ረገጠው።

ስክሪኑ ጠፋ፤ ድምፁ ተቋረጠ። «መብራት ሄደ!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ። ፕሮጀክተሩን የሚጠብቀው ሰው ቆጣሪውን ሊያይ ወደ ውጭ ሮጠ። አንዱ ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ መድረኩ ላይ ወደቀ። ፉጨት ተጀመረ፤ አንዳንዱ ሊወጣ ተነሣ። አርቲስት ጀርባው ራሱን በእጆቹ ይዞ «አይ፣ አይ፣ አይ» ይላል።

እማማ ተነሥተው ቆሙ። ሰው ፊት ጮክ ብለው ተናግረው የማያውቁ ሴትዮ እንዲህ አሉ፦ «ለምን ዝም ብለን እንቀመጣለን? አባትየውን የሚሠራው ሰው እዚህ አለ። መብራት እስኪመጣ እሱ ያሳየን።»

«እኔ?» አለ አማቻቸው።

«አንተ ነሃ። ሌላ አባት አለ እንዴ? ውጣ።»

ሚስቱ ከኋላ ገፋ አደረገችው። ወጣ። መድረኩ ላይ በር የለም፤ ግራ ቀኝ አየ፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረና ሕዝቡን በር አደረገው። እጁን ቀስ ብሎ አነሣ፤ መዳፉን አየሩ ላይ አሳረፈው፤ ዓይኑን እማማ ፊት ላይ የተከለ መሰላቸው።

«ልጄ» አለ። ፉጨቱ ቆመ። «ክፈችልኝ ልልሽ አልመጣሁም። ይኼን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም። ስታለቅሺ ቀልድ መሰለኝ። የምትወጂውን ነገር ስታሳዪኝ ሳቅኩብሽ። ዛሬ ልሰማሽ ነው የመጣሁት፤ ባትናገሪም እዚሁ ቆሜ እሰማሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። እንዳለሽ እንዳውቅ ከውስጥ አንኳኪልኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ጆሮውን ወደ ሕዝቡ አስጠግቶ ዝም አለ። ትንፋሹ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። እሱ ይጠብቃል። እማማ መሀረባቸውን አፋቸው ውስጥ ሊጨምሩት ደረሱ።

ያኔ ከግራቸው ቋ የሚል ድምፅ ሰሙ። ወንድማቸው ነው። የመጋዘኑን ቁልፎች ይዞ የፊት ወንበሩን ብረት መታው። ከዚያ ልጃቸው በጣቶቿ አንኳኳች፤ ከዚያ ባለ ሱቁ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ወንበሩንም፣ ግድግዳውንም፣ ወለሉንም ይደበድበው ጀመር። አርቲስት ጀርባው ሊሄድ አንድ እርምጃ አነሣ፤ አልቻለም። መድረኩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ይኼኛውን አላስመሰለም።

እማማ ተቀመጡና ማጥፊያውን መልሰው ረገጡት። መጋረጃውን የገለጠው ሰው መልሶ ዘጋው።

ላፕቶፑ ለካ በባትሪው ብቻውን ሲሮጥ ቆይቷል። ፊልሙ ወደፊት ሄዷል፤ ሰዉ ሁሉ የበሩ ትዕይንት መብራቱ በጠፋበት ያለፈ መሰለው። ስክሪኑ ላይ ልጅቱ ከአባቷ ጋር ታርቃ ተጠምጥማበታለች፤ የአባትየው ጀርባ ይታያል። «እሱ ነው! እሱ ነው!» ተባለ፤ አዳራሹ ለጀርባው በፉጨትና በጭብጨባ ተናወጠ። ዳይሬክተሩ ከውጭ ሮጦ ገባ። ላፕቶፑን አየ፣ ገመዱን በዓይኑ ተከተለ፣ እማማ እግር ላይ ደረሰ። እማማ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጥቁር መነጽሩን መልሶ አጠለቀና ቆሞ አጨበጨበ።

ሕዝቡ ሲረጋጋ ወንድምየው ወደ እህቱ ጠጋ አለ። ከሥራ በቀር ሌላ ነገር እንደማያውቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ያው ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ፊልሙ ላይ ፊቱን አላየሁም።»

«ለመሆኑ መጀመሪያ ያንኳኳው ማነው?» አሉ እማማ።

ወንድምየው ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ። «እጄ አምልጦኝ ነው።»

«የእኔም እግር አምልጦኝ ነው።»

ወንድምየው ወደ መሬት አየ። ቀዩን መብራት አየ፣ ጫማቸውን አየ፣ እህቱን አየ። ሳቁ ሲመጣበት አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ እማማም ሳቁ፤ ከኋላ «ዝም በሉ፣ ፊልም እያየን ነው» እስኪባሉ ድረስ ወንበሩን አነቃነቁት። «እሺ» አለ በመጨረሻ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ለመጋዘኑ ሌላ ትከሻ እፈልጋለሁ።»

ፊልሙ ሲያልቅ ሰው አርቲስት ጀርባውን ከበበው። አንዲት ሴትዮ እጁን ይዛ አልለቅም አለች፤ ባለ ሱቁ አብሮት ፎቶ ተነሣ። ሚስቱ ቦርሳውን ይዛ ዳር ቆማ እያለቀሰች ትስቃለች። እሱ ሰውን ገፍቶ ገፍቶ እማማ ጋ ደረሰ። ሸሚዙ ጠብ እስኪል በላብ ርሷል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እማማ፣ እንዲያው አዘንኩ» አለ። «መብራት ባይሄድ ኖሮ ዋናውን ያዩት ነበር። የዛሬዋ ምን አላት? ያን ዕለት ቤት ስንቀርጽ የሆንኩትን ቢያዩ ሌላ ሰው ነበርኩ። ግድ የለም፤ በቴሌቪዥን ሲመጣ አብረን እናየዋለን።»

እውነቱ እማማ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። መንገር አለባቸው፤ ይነግሩታልም። ዛሬ ግን አይሆንም፤ ዛሬ ይህን ፊት የሚያጠፋ ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

«እሱ ይቅርብኝ። እኔ ይኼኛው ይበልጥብኛል» አሉት።

መሀረባቸውን አወጡና ያ ሁሉ ሰው እያየ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን እንደ ሕፃን ልጅ ይጠርጉለት ጀመር። እሱም ጎንበስ አለና ፊቱን ሰጣቸው።